መጋዙን ማን ያጠፋዋል?

«ትንፍሽ ብትይ ወንድም የለሽም!» አላት ታላቅ ወንድሟ፣ በሩ ሲንኳኳ።

ሚጢጢ በሩን ልትከፍት ተነሣች። ይህን ቅጽል ስም ያወጣላት ራሱ ነው። አሁን አሥራ አራት ዓመት ሞልቷት ቁመቷ እሱን ሊደርስ ምንም ባይቀረውም ስሙ አልለቅ ብሏታል።

ያንኳኳው የእንጨት ሥራ ቤቱ አለቃ ነበር። ወንድሟ ከአምስት ወር በፊት ቁም ሣጥን ሲገጥም ከመሰላል ወድቆ ጭንቅላቱን ተመታ፤ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ራሱን አያውቅም ነበር። ዛሬ አለቃው፣ ወንድሟ እቤት ሆኖ የሠራውን መሳቢያ አይቶ፣ ሰኞ ወደ ሥራው ይመለስ እንደሆነ ሊወስን ነው።

ያከመችው ሐኪም «የተጎዳው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ነው» ብላ ነበር። «ማቀድ፣ ማስታወስ፣ ቁጣን መግታት ይከብደዋል። ቁስሉ ስለደረቀ ድኗል እንዳትሉ።»

ያን ቀን ነገሩ ለሚጢጢ ግልጽ ነበር። ቤት ሲገቡ ግን ሁሉም ተምታታባት። ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ልጅ ጨው በዛ ብሎ ሳህን ይወረውራል፤ ወዲያው ደግሞ «ምን ሆነሽ ነው የምታለቅሺው?» ይላታል። በማግስቱ ካርታ ተጫውቶ ሲያሸንፋት፣ ድኗል ማለት ነው ብላ በደስታ ትፈነድቃለች። የትኛው ነው ወንድሟ? የሚቆጣው እሱ ነው ወይስ ጉዳቱ?

አለቃው መሳቢያውን ሳብ መለስ አደረገው። «እጅህ ያው ነው አንተ! በል ሰኞ መጋዝህ ላይ ላግኝህ።»

ወንድሟ ጥርስ በጥርስ ሆነ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላት አለቃው። «እናታችሁ ሥራ ስትውል አብረሽው ያለሽው አንቺ ነሽ።»

«ደህና ነው» ማለት እንዴት ቀላል ነበር! ግን ያን መሳቢያ ሲሠራ «አሁን ለካ፣ አሁን ምልክት አድርግ» እያለች አንድ በአንድ የነገረችው እሷ ናት። ዝም ስትል አንዱን ጣውላ አራት ጊዜ ለክቶ ፈዝዞ ይቀመጣል። ትናንት ደግሞ የማለስለሻ ማሽኑን እየተሽከረከረ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ፊቱን ሊታጠብ ሄደ። ሥራ ቤት ያለውን የኤሌክትሪክ መጋዝ ማን ያጠፋለታል? ጣቶቹን አየቻቸው፤ አሥሩም አሉ።

«ጋሼ፣» አለች፣ «ቅደም ተከተሉን የምነግረው እኔ ነበርኩ። ትናንት ማሽኑን ሳያጠፋ ጥሎት ሄዷል። እባክዎ መጋዝ አይስጡት።»

«ከዳተኛ!» ብሎ ጮኸ ወንድሟ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ደረገመው።

አለቃው ወደተዘጋው በር ተመለከተ። «እንግዲያው ቀለም በመቀባት ይጀምር፤ አጠገቡ ሰው አቆማለሁ። መጋዙ ሐኪሟ እስክትፈቅድ ይቆይ» ብሎ ወጣ። ሚጢጢ ብቻዋን ስትሆን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ወንድሟ ዓይኑን እያሻሸ ብቅ አለ፤ ፈገግ ብሏል።

«ሚጢጢዬ፣ አለቃዬ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው? አደራ፣ ጥሩ ጥሩውን ንገሪልኝ እሺ?»

ፊቱን አጥብቃ አየችው። እየቀለደ አልነበረም፤ ሁሉም ነገር ከጭንቅላቱ ጠፍቷል። አለቃው መጥቶ በራሱ ወሰነ ብትለው ማን ያውቅባታል? እንዲህ ፈገግ እንዳለላት እንዲቀር እንዴት እንደፈለገች!

አጠገቧ ያለውን ወንበር ሳበችለት።

«ቁጭ በልማ» አለችው። «አለቃህ መጥቶ ሄዷል። መጋዝ አይስጡት ያልኩትም እኔ ነኝ።»