የቀባሪዎቹ አረቄ

በ፲፱፻፵ ዓመተ ምሕረት፣ በነሐሴ ወር፣ የሱሉልታ ሜዳ ውኃ ተኝቶበት ሳለ ተስቦ ገባ፤ ከየጎጆው ሬሳ ይወጣ ጀመር፤ ሰውም የገዛ ዘመዱን ለማንሣት ፈራ። የአጥቢያው ሹም ባላምባራስ ወርቁ ብርቱ ብርቱ ሰዎች መርጠው ለቀብር አዘዙ፤ ማንም አረቄ ሳይቀምስ ሬሳ እንዳይነካም አወጁ። አረቄ ተስቦን ያባርራል ሲባል ከልጅነታቸው ጀምሮ ሰምተዋል፤ ደግ ሰው ነበሩና አረቄውን ከቤታቸው እያስወጡ በነጻ ይልኩ ነበር። ከቀባሪዎቹ መካከል ሞቱማ ብቻ እንቢ አለ።

«ጌታዬ፣ አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። አባቴን የጨረሰው እሱ ነው፤ ይማሩኝ።»

«ኦቦ ሞቱማ፣ ይህ መጠጥ አይደለም፤ መድኃኒት ነው። ሳትጠጣ ነክተህ ብትሞት ደምህ በእኔ ነው!»

ሞቱማ ጠጣ። መጀመሪያ ለትእዛዙ፣ ኋላ ለብርዱ፣ ውሎ አድሮም የሚቀበር ሰው በሌለበት ቀን ሳይቀር ጠጣ። መስከረም ሲጠባ እሱም በተስቦው ተያዘ፤ ሚስቱ አያንቱ እያለቀሰች ብትመጣ ባላምባራስ በቅሎ ልከው የሐኪም ረዳት የሆነውን ድሬሰር ጌታቸውን ከአዲስ አበባ አስመጡለት።

ጌታቸው በሽተኛውን አይቶ ሲወጣ ፊቱ ጠቁሮ ነበር።

«ትኩሳቱ ከዳኑት ሰዎች ትኩሳት አይብስም፤ የሚመክትበት አቅም ግን የለውም። ይጠጣ ነበር እንዴ?»

«መድኃኒት ነው ብዬ ያዘዝኩት እኔ ነኝ» አሉ ባላምባራስ።

ድሬሰሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያስተማረን ሐኪም እንደሚጠረጥረው፣ አረቄ በሰውነት ውስጥ ሲፈጭ የሚተወው መርዝ አለ፤ ያ መርዝ በሽታን የሚዋጋውን የደም ዘብ ሳያደክም አይቀርም።»

«ባይጠጣ ይድን ነበር?»

«ይህንን እግዜር ያውቃል፣ ጌታዬ።»

ባላምባራስ የቀረውን አረቄ በዚያው ዕለት አስደፉ፤ ሞቱማ ግን አልተረፈም። ጸጸት አንገበገባቸው፤ ቢናገሩ የሴትዮዋን ሐዘን መቆስቆስ፣ ዝም ቢሉ ነፍሳቸውን ማስበላት፤ «ላም እሳት ወለደች» እንደሚባለው ሆነባቸው። በመጨረሻ ሊነግሯት ቆርጠው ከቤቷ ሄዱ፤ አያንቱ ግን አፋቸውን ሳይከፍቱ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

«ገለቶማ፣ ጌታዬ! ሰው ሁሉ ሲሸሸው አረቄ ልከው ያሞቁልኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። ዋቃ ይስጥልኝ!»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብቻ ብለው ወጡ።

በዓመቱ ግራዝማች ተባሉ፤ በተስቦው ዘመን ሕዝቡን ስለ መጠበቃቸውም በአደባባይ ተመሰገኑ። አገሩ የደጉን ሹም ስም ይዞ ቀረ፤ ሞቱማን ከሚስቱ በቀር ያነሣው አልነበረም። አያንቱም በየበዓሉ እየመጣች ትመርቃቸው ነበር፤ እሳቸውም ቆመው «አሜን» ይሉ ነበር።