የጎደለው መቶ ዘጠና ፓውንድ

ሮይስ ታከት በጋራዡ ጥግ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው ትልቅ መፍቻ ከጎኑ ወድቋል። ሦስት መቶ ፓውንድ የሚመዝን ሰው ነበር፤ በሕይወትም በሞትም መንገድ ይዘጋል። ከፍሬዝኖ ወጣ ብሎ ባለው፣ መኪኖች ሁለት ሁለት ሆነው ሩብ ማይል ቀጥታ በሚሽቀዳደሙበት ሜዳ፣ በዚያ የሐምሌ እሑድ፣ ለእሱ ያለቀሰ አንድ ሰው አልነበረም።

መርማሪ ሄስተር ኳይል ስትደርስ ምክትል ሸሪፉ መካኒኩን ቨርን ኦልሰንን በካቴና አስሮ ጥላ ሥር ተቀምጧል።

«ዘገየሽ፣ ወይዘሪት» አላት። «ሮይስ የመጨረሻውን ዙር ሲነዳ ሜዳው ሁሉ አይቶታል። መኪናዋን ይዞ ጋራዥ ገባ። ከዚያ በኋላ የገባው ይሄ ብቻ ነው። ጠዋት ደግሞ ተደባድበዋል።»

«ፊቱን ያየ አለ?»

«ሄልሜት አድርጎ፣ አፉን በጨርቅ ሸፍኖ ነው የሚነዳው። ፊቱን ምን ልታደርጊበት ነው?»

ሬሳውን የመረመረው ሐኪምም በዚያ ሙቀት ሰውየው የሞተበትን ሰዓት ለይቶ መናገር እንደማይችል አስታወቀ። ቨርን ሮይስ ጠዋት እንዳባረረው፣ በኋላ መፍቻዎቹን ሊወስድ ሲገባ ሬሳውን እንዳገኘ ተናገረና ካላመናችሁኝ ገደል ግቡ አላቸው። ዓይኑን ግን ከካቴናው አላነሳም። በካሊፎርኒያ ነፍሰ ገዳይን የሚጠብቀው በመርዝ ጋዝ የሚገደልበት ክፍል መሆኑን ያውቃል።

ሚስትየው ናዲን ቀጭን፣ አጭር ሴት ናት። ሎሚናታዋን ትጠጣለች፤ ዓይኗ ደረቅ ነው። ከመጨረሻው ዙር በፊት ራሷን አሟት ፒክአፕ ውስጥ ተኝታ እንደነበር፣ ከዙሩ በኋላ ግን ከሕዝቡ መሃል እንዳልተለየች አስረዳች።

«መኪናዋን ነድተዋት ያውቃሉ?» አለቻት ሄስተር።

«ሜዳው ለሴት አይፈቅድም። ሮይስም አይፈቅድም ነበር። ለእርስዎ ማን እንደፈቀደልዎት እንጃ።»

ሦስተኛው ሰው ዳርል ፖፕ ነው፤ በመጨረሻው ዙር ከሮይስ ጎን ተሰልፎ የተሸነፈው። የሞተው ሰው ሳይሆን ያመለጠው ዙር ነው ያንገበገበው።

«ያቺ ኩፕ መኪናው ዓመቱን ሙሉ ከኋላዬ ናት» አለ። «ዛሬ ጠዋት ራሱ ሊሸጥልኝ ተጨባብጠናል። ከሰዓት ድንገት ክንፍ አወጣች? ወይ ሞተሩን ለውጧል፣ ወይ ነዳጁ ውስጥ የሆነ ነገር ጨምሯል። ሞተሩ ይፈታልኝ።»

«ይፈታ» አለች ሄስተር።

ምክትል ሸሪፉ ሳቀ። «ሰው ሞቷል፣ አንቺ ሞተር ታስፈቻለሽ።»

«አንተ ሰው ታስራለህ፣ እኔ ሞተር አስፈታለሁ። ማን እንደሚያፍር እናያለን።»

ሞተሩ ተፈታ፤ ያው ሞተር ነው። ነዳጁ ተመረመረ፤ ያው ቤንዚን ነው። መኪናዋ ባዶዋን ተመዘነች፤ ልክ እንደ ጠዋቱ ሁለት ሺህ ፓውንድ። ሄስተር በመጨረሻ ወደ መስመሩ ጫፍ ሄደች። እዚያ ካለችው ዳስ እያንዳንዱ ነጂ ቆሞ የፍጥነት ወረቀቱን ይቀበላል። የሮይስ ወረቀት እንደተቀመጠ ነበር። ወረቀቱን ሳይወስድ አልፎ የማያውቀው ሰው ዛሬ ዳሷ ጋ ሳይቆም እንደሄደ ሠራተኛው ነገራት።

ወረቀቱን ይዛ ተመለሰችና ሁሉንም በመኪና ሚዛኑ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ከምክትል ሸሪፉ በቀር ይህን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ» ብላ ጀመረች። «አንድ መኪና ሩብ ማይሉን ሲጨርስ ያለው ፍጥነት ለሁለት መቶ ሠላሳ አራት ይካፈላል። የወጣው ቁጥር ሦስት ቦታ ተጽፎ እርስ በርሱ ይባዛል፣ ከዚያ በክብደቱ። የፈረስ ጉልበቱ ይኸው ነው። ጠዋት ሮይስ ነዳ፤ ከነእሱ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ፓውንድ፣ መቶ ሃያ ማይል። ሦስት መቶ አስር ፈረስ። ከሰዓት መቶ ሃያ ሦስት ተኩል ማይል። ክብደቱ ያው ከሆነ ሞተሩ ሃያ ስምንት ፈረስ ጨመረ ማለት ነው። ከየት አመጣው? ማንም አልነካውም። ሙቀት ደግሞ አየሩን ያሳሳል፤ ጉልበት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም።»

«እንግዲያው ክብደት ቀንሷል» አለ ዳርል።

«መኪናዋ አልቀነሰችም። መዘንናት። በዚያው ጉልበት ይህን ፍጥነት የሚያመጣው ሁለት ሺህ አንድ መቶ አስር ፓውንድ ነው። መቶ ዘጠና ጎድሏል፤ የጎደለውም ከነጂው ነው። ያን ጊዜ ሮይስ ሞቶ ጥጉ ላይ ነበር። ገዳዩ ጃኬቱንና ሄልሜቱን አድርጎ ነድቷል፤ ሮይስ በሕይወት ያለ እንዲመስል፤ ከዚያም አውልቆ ከሕዝቡ ተቀላቅሏል። ወረቀቱን ለመውሰድ ግን በቅርብ መታየት አለበት።»

ምክትል ሸሪፉ ቨርንን ተመለከተ።

«እሱን ተወው፤ ሁለት መቶ አርባ ይመዝናል። ዳርል ጎን ለጎን ሲነዳ ነበር። የምንፈልገው መቶ አስር ፓውንድ ነው።» ሄስተር ወደ ሚዛኑ ጠቆመች። «ናዲን፣ ሚዛኑ ላይ ውጪ።»

ናዲን ንቅንቅ አላለችም።

«መኪናዋን ሊሸጥብሽ ሲል መታሽው» አለች ሄስተር። «ከዚያ ሮይስን መስለሽ መታየት ብቻ ነበር የሚያስፈልግሽ። በዝግታ ብትነጂ ማንም አይጠረጥርም፤ ቨርን በአንቺ ፈንታ ይሞት ነበር። ለምን እግርሽን ከነዳጁ ላይ አላነሳሽም?»

ናዲን ዳርልን ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው።

«ለዚህ ልሸነፍ?»

ምክትል ሸሪፉ ዓይኑን ሰብሮ ካቴናውን ከቨርን ፈታ። ቨርን የእጁን አንጓ እያሻሸ መሬት ላይ ተፋ። ናዲን እጇን ዘረጋች፤ ለካቴናው ግን አልነበረም።

«ወረቀቱን አሳዪኝ።»

ሄስተር ሳትለቅ ያዘችላት። ናዲን ፍጥነቱን አነበበች። ቀጥሎም ከላይ በጉልህ የተጻፈውን፣ «ነጂ፦ ሮይስ ታከት» የሚለውን።

«ስሙን አርሙት» አለች።