በበሩ ላይ የተጻፈው ልኬት

ልብስ ሰፊዋ ልጅ የመስኮት መስታወት የሚገጥመውን ወጣት የወደደችው መስኮቷ ሦስት ጊዜ ተሰብሮ ሦስቴም እሱ ስለገጠመላት ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። የእሷ ሰፈር ሰዎች እምነታቸው ከከተማው ሰው የተለየ ስለሆነ፣ ሁከት በተነሳ ቁጥር ድንጋዩ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነበር። በማግስቱ ከወዲያኛው ሰፈር ደፍሮ የሚመጣው እሱ ብቻ ነው።

«ደግሞ መጣህ?» ትለዋለች።

«ምን ላድርግ፤ መስኮትሽ ናፈቀኝ።»

«መስኮቴ ብቻ?»

አንገቱን ደፍቶ መስታወቱን የሚያጣብቅበትን ስቱኮ ይለስናል። እሷም ልቧ ከእሱ ጋር ሆኖ ስፌቱን ታጣምመዋለች።

አራተኛው ሁከት ግን የከፋ ሆነ። በሰፈሩ የላይኛው መንገድ፣ በራቸው ላይ በጠመኔ ምልክት የተደረገባቸው ቤቶች ተመርጠው ተቃጠሉ። ጭሱ ሳይጠፋ መስታወት ገጣሚው መጥቶ የእሷ ቤት ያለበትን የታችኛውን መንገድ የተሰበሩ መስኮቶች ለካ፤ እንደ ልማዱም የየቤቱን ልኬት በበሩ ላይ በጠመኔ ጻፈ። የዋህ ነው፤ ምን እያደረገ እንደሆነ ልብ አላለም።

ወንድሟ አንቆ አባቷ ፊት አቀረበው። ሰፈርተኛው ግልብጥ ብሎ ወጣ።

«ለማን ነው ምልክት የምታደርገው?» አሉ አባቷ።

«ልኬት ነው አባባ! ልጅዎን ይጠይቋት፤ ታውቀኛለች።»

ሁሉም ወደ እሷ ዞረ። ልኬት መሆኑን አሳምራ ታውቃለች፤ ግን «ከየት አወቅሽው?» ቢሏት ምን ትላለች? ያውም የእነዚያን ልጅ!

«አላውቀውም» አለች።

እሱ ቀና ብሎ አያት። ቢቆጣ ይሻላት ነበር። እየገፉ ሲያባርሩት አንዱ በድንጋይ ግንባሩን ፈነከተው።

ሁለት ቀን እህል አልወርድ አላት። በሦስተኛው ቀን አባቷ እግር ስር ቁጭ አለች።

«አባባ፣ ዋሽቻለሁ። አውቀዋለሁ፤ እወደዋለሁም።»

«ታዲያ ያን ዕለት ምን ዘጋሽ?»

«ፈርቼ።»

«ማንን?»

«እርስዎን።»

ሽማግሌው ሳምንቱን ሙሉ ሲፈሩ የከረሙት የወዲያኛውን ሰፈር ሰው ነበር። ልጃቸው እሳቸውን መፍራቷ አንጀታቸውን በላው። ይቅርታ ልጠይቀው ልሂድ ስትላቸው ሂጂም፣ አትሂጂም አላሏትም።

የሰፈርተኛውን ሁሉ ዓይን አልፋ ወዲያኛው ሰፈር እሱ ቤት ደረሰች። በሩን የከፈቱት እናቱ ናቸው።

«ልጅዎን ያስፈነከትኩት እኔ ነኝ» አለች።

እናቱ ከላይ እስከ ታች አይዋት። «እሱማ የለም። ግንባሩን እንዳሰረ መስታወቱን ተሸክሞ ወደ እናንተ ሄደ። ብለምነው አሻፈረኝ አለ።»

እንዴት እንደተመለሰች አታውቀውም። ስትደርስ እሱ መሰላል ላይ ነው፤ መሰላሉን ደግፈው የያዙት አባቷ ናቸው። ወንድሟና ሰፈርተኛው ፊታቸውን አጥቁረው ቆመዋል።

«አውቀዋለሁ!» ብላ ጮኸች፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «ሁላችሁም ስሙ! የምወደው ሰው ነው!»

መሰላሉ ተነቃነቀ።

«ኧረ ቀስ በይ፣ አንቺ ልጅ» አለ እሱ፣ መስታወቱን ደረቱ ላይ አጥብቆ። «ልትጥይኝ ነው።»