ያልተነፋው ብርሌ ሆድ

«ከመሬት እስከ ማርስ የሰውን ሆድ ዕቃ እንደኔ የሚያውቅ ካለ ይምጣና ይሞግተኝ!» አለች ትርንጎ፣ ሁለቱን ብርሌ ሆዶች ቁርስ እያጎረሰች። ብርሌ ሆድ የአንጀት ተሕዋስያን ያሉበት፣ እንደ ሰው አንጀት ምግብ የሚፈጭ፣ አናቱ ላይ ፊኛ የታሰረበት የመስታወት ዕቃ ነው። ወደ ማርስ በምትጓዘው መንኮራኩር ቤተ ሙከራ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ትርንጎ ሥራ እነሱን መቀለብ ነበር። ዛሬ ግን ሙከራው የራሷ ነው።

ነገሩ ቀልድ አይደለም። ባለፈው ሳምንት አርባው ተጓዥ ባቄላ እራቱን በልቶ ባደረ ማግስት፣ አየር ጠባቂው ማሽን «መርዝ ገባ!» ብሎ በሩን ሁሉ ሦስት ሰዓት ቆለፈው። በባቄላ ውስጥ ያለውን ውስብስብ ስኳር የሰው ሆድ መስበር አይችልማ! አንጀት ውስጥ ያሉ ተሕዋስያን ናቸው ወደ ጋዝ የሚቀይሩት። ካፒቴኗም ቆረጡ፦ እስከ ዛሬ ምሳ መላ ካልተገኘ ባቄላው ከነጆንያው ወደ ጠፈር ይጣላል። ጾሙ ደግሞ ነገ ይገባል። ባቄላ ከሌለ ሁለት ወር ሙሉ ከቱቦ የሚጨመቅ ሙጫ መሳይ የጾም ምግብ መላስ ነው!

ትርንጎ ሰባት ወር የለፋችበት ኢንዛይም፣ ማለትም ስኳሩን የሚቆራርጥ ፈሳሽ፣ አላት። በቀኙ ብርሌ ሆድ የባቄላ ዱቄት ከኢንዛይሙ ጋር ጨመረች፤ በግራው ዱቄቱን ብቻ። የቀኙ ፊኛ ዝም ሲል የግራው መነፋት አለበት።

ሰዓቱ ደረሰ። የቀኙ ዝም። የግራውም ዝም!

ጦፋ ማዕድ ቤት ገባች። «ጋሽ አበጋዝ! በግራው ኢንዛይሜን የጨመሩት እርስዎ ነዎት አይደል? ባቄላዎ እንዳይጣልብዎ! ሳይንስ ወጥ መሰለዎት፣ ሲያሻዎ ጨው ጣል የሚያደርጉበት?»

ሽማግሌው ወጥ ሠሪ ማማሰያቸውን እንኳ አላስቀመጡም። «አንቺ ልጅ፣ ስድቡን አቆዪውና ዱቄቱን ከየት አመጣሽው?»

«ከመደርደሪያዎ! ከባለ ቀይ ክዳኑ ጣሳ!»

«እሱማ በቆልት ነው። ዘፍዝፌ፣ ሦስት ቀን አብቅዬ፣ አድርቄ የፈጨሁት።»

ትርንጎ አላመነችም። ከጆንያው ጥሬ ባቄላ ዘግና ፈጨችና ሙከራውን ደገመች። የግራው ፊኛ ተነፍቶ ተነፍቶ ፈነዳ፤ ኢንዛይሟ ያለበት የቀኙ ንቅንቅ አላለም። ይሠራል! በደስታ ልትዘል ስትል ግን የቤተ ሙከራው መመርመሪያ ከበቆልቱ ዱቄት ውስጥ ያንኑ ኢንዛይም አገኘ። ለካ ባቄላው ሲበቅል ራሱ ያመነጨዋል፤ ለቡቃያው ቀለብ እንዲሆን ስኳሩን ራሱ ይቆራርጠዋል።

ካፒቴኗ ሁለቱንም ውጤት አዩና «ባቄላው ይቆይ፤ እያበቀላችሁ ብሉት» አሉ። ስለ ትርንጎ ኢንዛይም አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ትርንጎ ማዕድ ቤት ተመልሳ ጠረጴዛውን በጡጫ መታች። «ይሄ ግፍ ነው! የእርስዎ ሦስት ቀን ይፈጃል፣ የእኔ በአንድ ሰዓት ይጨርሳል! በአንድ ሰዓት!»

ጋሽ አበጋዝ ጥሬውን ባቄላ ሊዘፈዝፉት ውኃ ውስጥ ገለበጡት።

«ምን ያጣድፍሻል? ማርስ ለመድረስ ስምንት ወር ይቀረናል።»