አምሳ ዘጠኝ፣ አመሰግናለሁ

ሳምሶን የጠየቀኝ ዲላ መናኸሪያ፣ የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጡሩምባውን ሲያንባርቅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር በግርግር መሀል ይጠየቃል?

«ታገቢኛለሽ?»

«አባዬን ሳላናግር?»

አባቴ «አንቴና ሽቦ ላይ ለሚንጠለጠል ልጄን አልድርም» ካለ ቆይቷል።

«እንግዲያው በሬዲዮ መልሺልኝ። እዚያ ስልክ የለም። እሺ ካልሽኝ ይበቃኛል።»

ለፍቅሩ ብለን በሬዲዮ ከዓለም ሰው ጋር የምንነጋገርበትን የአማተር ሬዲዮ ክበባችንን ያቋቋመው እሱ ነው። ያን ቀን ከሦስት የውጭ ሰዎች ጋር ለዐሥር ቀን ሰው ወደማይኖርበት የሕንድ ውቅያኖስ ደሴት መሄዱ ነበር። ከእንዲህ ያለ ቦታ ጋር ለመገናኘት የዓለም አማተር ሁሉ ዓመታት ይጠብቃል። ሲገኝ ደግሞ ሺህ ሰው ባንዴ ይጮኻል።

«ሲጯጯሁ አብረሽ አትጩኺ» ይለኝ ነበር። «ከሚጮኹበት ሞገድ ፈቀቅ ብለሽ ጥሪ። ካገኘሽ ደግሞ አሳጥሪ፤ ከኋላሽ ሺህ ሰው አለ።»

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት አባዬ ሱቁን ሳይከፍት ቁጭ ብሎ፣ «እንግዲህ ልብሽ ካረፈበት እኔ ምን አደርጋለሁ?» አለኝ። ባጃጅ ይዤ ወደ ክበቡ በረርኩ።

ወይ ጉድ! አንዱ ያፏጫል፣ አንዱ ይሳደባል፣ ሳምሶን «ተራ በተራ!» እያለ ሲለምን ይባስ ይደራረቡበታል። እንዳስተማረኝ ከጩኸቱ ፈቀቅ ብዬ ጠበቅኩ። ከሦስት ሰዓት በኋላ ትንፋሽ ሲወስዱ መጥሪያ ስሜን አንዴ ብቻ አልኩ።

«ሉሊትዬ!» አለ። «አምሳ ዘጠኝ!»

በአማተሮች ቋንቋ፣ ጥርት ብለሽ ተሰማሽኝ ማለቱ ነው።

«አምሳ ዘጠኝ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

«ሌላስ?» አለኝ።

ተራ የሚጠብቀው ሕዝብ በጩኸት አበደ። ያ ሁሉ ጆሮ እየሰማኝ አፈርኩ። ደግሞስ አሳጥሪ ያለኝ ራሱ አይደል? በመጨረሻው ቀን ሰው ይቀንሳል፣ ያኔ ተረጋግቼ እነግረዋለሁ አልኩ። ሞኝ!

«ነገ» አልኩት።

«እሺ፣ ነገ» አለኝ።

በማግስቱ ደሴቱ ዝም አለ። ማዕበል ፈርተው ቀድመው እንደወጡ፣ ጀልባዋም እንደተገለበጠች የሰማነው ከአራት ቀን በኋላ ነው። ሦስቱ ተረፉ። የኔው ቀረ።

ከአምስት ወር በኋላ ከተረፉት አንዱ የግንኙነታችንን ማረጋገጫ ካርድ ላከልኝ፤ የአማተሮች ደንብ ነው። መዝገቡ ከውሃው ተርፎ ኖሮ፣ ሳምሶን ከስሜ ጎን የጻፈውን ፎቶ አንስቶ ጨምሮልኛል፦ «ነገ ትነግረኛለች።»

ካርድ ለላከ መልስ ካርድ ይሰጣል። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ አምሳ ዘጠኝን ሞላሁ። ከታች «እሺ» ብዬ ጻፍኩና ለእናቱ ለእትዬ ዘነቡ ወሰድኩላቸው። ማንበብ አይችሉም።

«ምን ይላል ልጄ?»

«እሺ ይላል።»

ካርዱን አገላብጠው አዩት፤ ከዚያም ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሳምሶን ፎቶ ጀርባ ሰኩት።

«ምነው በሰማ» አሉ።