የሚሾ ጥፋት

ትሪው ወለሉ ላይ ሲወድቅ የትምህርት ቤቱ ምግብ አዳራሽ በአንድ ድምፅ «ሚሾ!» ብሎ ጮኸ።

የጣለው አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ነው። ቀይ ሆትዶጉ ተንከባሎ ወንበር ሥር ገባ፤ ወተቱ ጫማው ላይ ፈሰሰ፤ የልጁ ፊት በርበሬ መሰለ። ካናን ፎልስ ከተማ ውስጥ ሰው ብርጭቆ ቢጥል «ሚሾ!» ነው፤ ቁልፍ ቢጥልም «ሚሾ!» ነው። ባለፈው ገና ቄሱ ሻማ ከእጃቸው ሲያመልጣቸው እንኳ ከኋላ ወንበር አንዱ ቀስ ብሎ «ሚሾ» ብሎ፣ ምእመኑ ሳቁን ለመያዝ አበሳውን አይቷል።

እስካለፈው ሳምንት ድረስ ከሁሉም አብልጣ የምትጮኸው ሮዋን ሃስኬል ነበረች። ዛሬ አፏን አልከፈተችም።

«ምን ሆነሻል? አሞሻል እንዴ?» አላት ጎኗ የተቀመጠው ጓደኛዋ ጁድ።

«ሰውዬው እኮ በሕይወት አለ።»

«ማን?»

«ሚሾ። ኦክቴቭ ሚሾ። ከወንዙ ማዶ ነው የሚኖረው።»

«አውቃለሁ፤ ታዲያ ምን ይሁን?» ጁድ ድንቹን አፉ ውስጥ ከተተ። «ኳሷን የጣላት እሱ አይደል?»

«አልጣላትም» አለች ሮዋን። ጁድም ማኘኩን አቆመ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሃምሳ ዓመት በፊት የሮዋን አያት ቨርን ሃስኬል በካናን ፎልስ የወረቀት ፋብሪካ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ኳስ ወርዋሪ ነበር። አንድ ቅዳሜ ወንዙን ተከትሎ ዝቅ ብላ ካለችው ከዱንሞር ከተማ ጋር ሲጫወቱ፣ ከዱንሞር መቺዎች አንድም ሰው ከእሱ ውርወራ ምት ሳያገኝ ጨዋታው አለቀ። ምት አልባ ጨዋታ ይሉታል፤ ብዙ ወርዋሪ ዕድሜ ልኩን ወርውሮ አያገኘውም። እርግጥ አንድ የዱንሞር ልጅ ኳሷን መሬት ለመሬት ሰድዶ ሮጦ የመጀመሪያውን መቆሚያ ሳይያዝ ረግጧል። ግን ኦክቴቭ ሚሾ እጁ የገባችውን ኳስ ስለጣላት ነው ተባለ። ተከላካይ መያዝ የሚገባውን ኳስ ሲስት ለመቺው ምት አይቆጠርለትም፤ በተከላካዩ ላይ «ጥፋት» ተብሎ ይመዘገባል እንጂ። ይህን የሚፈርደው ደግሞ የባለሜዳው ቡድን መዝጋቢ ነው።

የዚያ ቀን ውጤት ሜዳው ዳር ባለው አሮጌ የእንጨት ሰሌዳ ላይ በቆርቆሮ ቁጥሮች እንደተሰቀለ ቀርቷል። ዱንሞር፣ ምት፦ 0። ካናን ፎልስ፣ ጥፋት፦ 1። ያቺ አንድ የማን እንደሆነች የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃል።

በዚህ ቅዳሜ ሜዳው «ቨርን ሃስኬል ሜዳ» ተብሎ ሊሰየም ነው። ለበዓሉ የሚታደለውን የቡድኑን ታሪክ የምትጽፈው ሮዋን ናት። አሥራ አራት ዓመቷ ቢሆንም ከእሷ ሌላ ማን ይጽፈዋል? እኩዮቿ ሐይቅ ዳር ሲንቦራጨቁ እሷ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ገብታ የድሮ ጋዜጣ ታገላብጣለች። እናቷ «የሙታን ወዳጅ» ትላታለች። ጣት በምታክል የውጤት ሠንጠረዥ ውስጥ ዝናብ እንደጣለ፣ የማን ክንድ እንደዛለ፣ ማን ተናዶ ከሜዳ እንደተባረረ ታነባለች፤ ሲገባት ደግሞ ብቻዋን ትስቃለች። አንዴ ከመቶ ዓመት በፊት የነበረ አንድ ተጫዋች በታናሽ ወንድሙ ስም ሲጫወት እንደኖረ ደርሳበት፣ ደስታው ሳምንት ሙሉ እንቅልፍ ነስቷታል። ያገኘችውን ሁሉ ትጽፈዋለች፤ የጻፈችውን ደግሞ ሰው ሰማም አልሰማም ታነብለታለች።

የዱንሞርን ጋዜጣ የከፈተችው ለተንኮል ነበር። ዱንሞሮች ያን ቀን እንዴት አልቅሰው እንደጻፉ አይታ ልትስቅባቸው፣ ከለቅሷቸውም አንድ ሁለት መስመር ጽሑፏ ውስጥ ጣል ልታደርግ። ሠንጠረዡ ላይ ግን «ዱንሞር፣ ምት 1» ይላል። ከሥሩም ኳሷ ጠጠር ነክታ ዘለለችና የተከላካዩን የሚሾን አፍ መታች ይላል።

«ቅናታሞች!» አለች መጀመሪያ። ሮዋን አንድ ሕግ አላት፤ አንድ ጋዜጣ ምስክር አይሆንም፣ በተለይ የተሸናፊ ጋዜጣ። ሁለተኛ ምስክር ያስፈልጋል። ብስክሌቷን አንስታ ድልድዩን ተሻገረች።

ሽማግሌው በረንዳው ላይ የተወሳሰበ የዓሣ ማጥመጃ ክር እየፈታ ነበር። ገና ስሟን ሳትናገር ቀና ብሎ አያት።

«የቨርን ልጅ ልጅ ነሽ። አፍንጫሽ ያሳብቅብሻል።»

«ሚስተር ሚሾ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር። ያቺ ኳስ...»

ሚሾ ሳቀ። የፊት ጥርሱ ወርቅ ነው። በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«ይሄ ለጌጥ የገባ መሰለሽ? ጠጠር ነክታ ዘለለችና መጣችብኝ። ጥርሴን ተፍቼ መጫወቴን ቀጠልኩ። ሜዳው ላይ ጥፋት ነው ያለ አንድም ሰው አልነበረም። ሲያልቅ አያትሽን ቀድሜ ያቀፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ምት ብቻ ነው የሰጠው፤ ግሩም ጨዋታ ነበር! ማታ ቢራ ቤት ስገባ ግን ሰው ሁሉ «ሚሾ!» ብሎ ጮኸ። ለካ ጨዋታው ካለቀ በኋላ ፍርዱ ተቀይሯል።»

«መዝጋቢው ማን ነበር?»

ሚሾ ወደ ክሩ ተመለሰ። «ሎይድ ሃስኬል። የአያትሽ ታላቅ ወንድም።»

ሮዋን ጆሮዋ ጋለ። የቡድኑን ተጫዋቾች ስም በሙሉ በቃሏ ታውቃለች፤ መዝጋቢው ማን እንደነበር ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ተናገርኩ እንጂ! ኳስ ጣለ የተባለ ሰው ሲናገር ሰበብ ነው የሚሉት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል አይደል? እኔ ይኸው ሃምሳ ዓመት አደርኩ።» ክሩ እጁ ላይ ተበጠሰ። «የእኔስ ይሁን። ልጄ ነበረች ጎበዟ። ጓንቷን አጥልቃ ሜዳ በገባች ቁጥር ያንኑ ይጮኹባታል። በአንቺ ዕድሜ ጓንቷን ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። አሁን ቦስተን ነው ያለችው፤ ስለ ቤዝቦል ሲወራ ተነስታ ትወጣለች።»

ሮዋን ምግብ አዳራሹን አሰበች፤ የራሷን ጩኸትም አሰበች። አፈረች።

ሐሙስ ዕለት የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አሰልጣኝ ዶር ጽሑፏን ቢሮው ውስጥ ቆሞ አነበበ። መጨረሻው ላይ ሲደርስ መነጽሩን አወለቀ።

«ግሩም ነው። ይህቺን አንቀጽ ብቻ አውጫት።»

«እውነት ናት።»

«እውነት አይደለችም አላልኩም። እኛ የምንሰበሰበው ሰው ለማክበር ነው እንጂ ለማዋረድ አይደለም። ያውም የገዛ አያትሽን!»

«ሚስተር ሚሾ ሃምሳ ዓመት ሲዋረድ ማን ተሰበሰበ?»

«አንቺ ልጅ፣ ምላስሽን ሰብሰብ አድርጊ! የሞተ ነገር ቆፍረሽ ምን ልታተርፊ ነው?»

«አልሞተም። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ እኮ ሲጮኹበት ሰምቻለሁ።»

አሰልጣኙ በረጅሙ ተነፈሰ። «በአጭሩ፣ ወይ አንቀጿ ትወጣለች ወይ ጽሑፉ በሙሉ ይወጣል።»

ሁለት ክረምት የለፋችበት ጽሑፍ ነው። ስሟ በትልቁ ሊታተምበት ነበር። እንባዋ መጣ፤ እሱ ፊት ላታለቅስ ግን ምላ ወረቀቱን ከእጁ ላይ ተቀበለችው።

«በሙሉ ይውጣ» አለች።

ወሬ ከብስክሌት ይቀድማል። ዓርብ ማታ እራት ሲቀርብ አያቷ ማንኪያውን አላነሳም።

«ዶር ደውሎልኝ ነበር» አለ። «ውሸታም ነው ብለሽ ልትጽፊብኝ ነው?»

«ልጠይቅህ ነበር፣ አባባ። ኳሷ ጠጠር ነክታ ነበር?»

«የጻፈው ሎይድ ነው። እኔ ሥራዬ መወርወር ነበር፤ ወረወርኩ።»

«እሱን አልጠየቅኩህም። ጠጠር ነክታ ነበር ወይ?»

እናቷ «ሮዋን፣ ተይ እንጂ!» አለች። ሮዋን አልተወችም። የአያቷን ዓይን እያየች ጠበቀች።

«ነክታ ነበር» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ተሰበረ። «ደስ አለሽ? ፋብሪካው ተዘጋ። አያትሽ ሞተች። ይሄ ክንዴ ከትከሻዬ በላይ አልነሳ አለኝ። የቀረችኝ ያቺ ቀን ናት። እሷንም ልትቀሚኝ ነው?»

ሮዋን አለቀሰች። በዓለም ላይ ከዚህ ሰውዬ አብልጣ የምትወደው የለም። ቤዝቦልን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ያስተማራት እሱ ነው።

«አንድ ምት ብቻ የሰጠ ወርዋሪ እኮ ትልቅ ወርዋሪ ነው» አለች እያለቀሰች።

«አንድ ምት ለሰጠ ወርዋሪ ሜዳ አይሰየምለትም።»

«ለሚስተር ሚሾስ ምን ቀረለት? አንተ ሜዳ ሲሰየምልህ እሱ ስድብ ሆኖ ቀረ! ይህን እያወቅህ ነው ስንጮህ የምትስቀው?»

አያቷ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። ባቄላው ሳይነካ ሳህኑ ላይ ቀዘቀዘ።

ቅዳሜ ጠዋት ሜዳው ላይ ወንበሮች ተደርድረዋል፤ ሰው ግን ገና አልመጣም። ሮዋን ከሣር አጫጁ መጋዘን መሰላሉን ጎትታ አሮጌው ሰሌዳ ላይ አስደገፈችው። ጽሑፏን ካላተሙላት ሰሌዳው አለ። ሌላ ቁጥር ይዛ አልመጣችም፤ የሚያስፈልጓት ሁለቱ እዚያው ተሰቅለዋል። ቦታ መለዋወጥ ብቻ ነው የቀራቸው።

ወጣች። ከዱንሞር ምት ላይ ዜሮዋን አወረደችና ብብቷ ሥር አደረገቻት። ከዚያ ተንጠራርታ ከካናን ፎልስ ጥፋት ላይ አንዷን ያዘቻት። ቆርቆሮዋ ከሚስማሩ ጋር ዝጋ አልላቀቅ አለች። የግንቦት ዝንብ ፊቷን ወረራት፤ እጇ አልበቃ ብሏት በምላሷ ተራገመች።

«ውረጂ!» አለ ድምፅ ከታች።

አያቷ ነው። ሰማያዊ ሱፉን ለብሷል፤ ክራባቱን አጥብቆ አስሯል። ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው።

«አልወርድም።»

«ሮዋን፣ ውረጂ ነው ያልኩሽ!»

«አባባ፣ እወድሃለሁ። ግን አልወርድም። ስጨርስ ካልተስማማህ መልሰህ ስቀለው። ዶር እንዳይሰቅለው ግን፤ አንተ ነህ በገዛ እጅህ የምትሰቅለው።»

ይህን ብላ ባላት ኃይል ሳበችው። ቆርቆሮዋ ከሚስማሩ ተላቀቀች፤ መሰላሉ ወደ ጎን ተወዛወዘ፤ ሮዋን እንጨቱን ለመያዝ ስትል ያቺ አንድ ከእጇ አምልጣ መሬት ላይ ጓ ብላ ወደቀች።

አያቷ በልማድ አፉን ከፈተ። ቃሉ ከንፈሩ ላይ ደርሶ እንደነበር ሮዋን ከላይ ሆና አየች። አፉን መልሶ ዘጋው።

ቆርቆሮዋን እግሩ ሥር ብዙ አያት። ከዚያ ጉልበቱን ይዞ ቀስ ብሎ ጎንበስ አለና አነሳት፤ በአዲሱ ሱፉ እጅጌ ዝገቷን ጠረገ። ደህነኛ በሆነው በግራ እጁ ወደ ላይ አቀበላት።

«እንዳይመስልሽ፤ አልተስማማሁም» አለ። «መሰላሉ ስለሚወዛወዝ ነው።»

ሮዋን አንዷን ተቀብላ ዱንሞር መስመር ላይ፣ ምት በሚለው ሥር ሰቀለቻት።

«ተንጋዳለች» አለ አያቷ ከታች። «ትንሽ ወደ ቀኝ። እህ፣ እንደሱ። ዜሮዋስ?»

«ብብቴ ሥር ናት።»

አያቷ ወደ ድልድዩ፣ ከድልድዩ ወዲያ ወዳሉት ቤቶች ዞሮ አየ። አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ።

«በይ እሷንም ስቀያት፤ ሰው ሊመጣ ነው» አለና መሰላሉን በሁለት እጁ ያዘ።