ጉንችሬ የተራገፈው ሲሚንቶ

ማዕዶት ስህተቱን ያየችው መኪናው ከወልቂጤ ከወጣ በኋላ ነው። ማዘዣው ላይ የቡታጅራ ቅርንጫፍ ስም አለ፤ አጠገቡ ያለው፣ ሾፌሩ መድረሻውን የሚያውቅበት የኔትወርክ ቁጥር ግን የጉንችሬ ነው። መኪናው የቡታጅራን ሲሚንቶ ጉንችሬ ወስዶ አራገፈው።

የድርጅቱ ባለቤት ጋሽ ሀቢቡ ቢሮውን በጩኸት ናጠው።

«የማዘዣውን ፕሮግራም የጫንሽው አንቺ ነሽ! ከነገ ጀምሮ እንዳላይሽ!»

የጫነችው እሷ ናት፤ የጻፈው ግን አምሀ ነው። አምሀ ፊት ለፊቷ ተቀምጧል። ዓይኑን ብትፈልግ ብትፈልግ አጣችው፤ አንገቱን ደፍቶ ኪቦርዱን ያያል። እሑድ ቤቷ ሽማግሌ ሊልክ የቀጠረ ሰው!

ጋሽ ሀቢቡ በሩን ወርውሮ ሲወጣ ተነሣችበት።

«ስንቴ ነገርኩህ? የቅርንጫፉን ቁጥር የሚፈልገው ያ አሮጌ ፋንክሽን ያገኘውን መልስ የሚያስቀምጠው አንድ የጋራ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ቅርንጫፍ እኩል ከጠየቀ የኋለኛው መልስ በፊተኛው ላይ ይጻፍበታል። ጠያቂው የራሱን ማስቀመጫ ይዞ የሚመጣበት ሌላ ፋንክሽን አለ አላልኩህም?»

«ብቻዬን ስሞክረው ልክ ነበር…»

«ብቻህን! አገሩ ላይ ያለኸው አንተ ብቻ ነህ?»

«ማዕዶትዬ፣ ሲጮህ ደነገጥኩ።»

«አታቆላምጠኝ! ዛሬ በሲሚንቶ ደነገጥክ። ነገ ልጃችን ሲታመም፣ ዘመዶችህ ሲሰድቡኝ፣ ቤታችን ሲቃጠል፣ ያኔም አንገትህን ልትደፋ ነው? እሑድ ማንንም እንዳትልክ!»

የአምሀ ፊት አመድ መሰለ። ከዚያ ስልኩን አወጣና እሷም እንድትሰማ ድምፁን ከፍቶ ለጋሽ ሀቢቡ ደወለ።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። አስጠንቅቃኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። የሚባረር ካለ እኔ ነኝ።»

«ቅድም ምላስህን ማን ቆረጠው? በል የቢሮውን ቁልፍ ለሷ ስጥና ውጣ! እሷ ነገ ትግባ።»

ስልኩ ተዘጋ። አምሀ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ማዕዶት አየችው። ቁጣዋ ገና አልበረደም።

«እንግዲህ ሥራ አጥ ነኝ» አላት። «ሽማግሌዎቹን ላስቀራቸው?»

«ሥራ ይፈለጋል። ይምጡ። ይቅር ያልኩህ እንዳይመስልህ ግን፤ ስታረጅም አነሳብሃለሁ።»

«አንሺብኝ።»

«ወንበርህን ሳብ። ያበላሸኸውን ሳታቃና አትወጣም።»

ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ፋንክሽኑን ቀየሩት። ከሁለቱም ከተሞች እኩል እየጠየቁ ሃያ ጊዜ ሞከሩት። ለቡታጅራ የቡታጅራ፣ ለጉንችሬ የጉንችሬ መልስ መጣ። አንዴም አልሳቀችለትም። ሲመሽ ቁልፉን ከእጁ ተቀበለች፤ መዳፉን ግን ቶሎ አለቀቀችውም። ከዚያ በሩን ሁለት ጊዜ አዙራ ቆለፈችው።